ከጓጉንቸር የወጣ ጉትቻ

ደባርቅ ደርሼ መመለሴን የሰማ ሰው ሁሉ ስለ ጭላዳ ይጠይቀኛል። ጭላዳ አላየሁም። ዋልያም አላየሁም፤ ጎብኚዎች ፎቶ ከሚነሡበት አፋፍ አንዱንም አልረገጥሁም። ወደዚያ አገር የሄድሁት የእናቴን ነጠላ ጉትቻ በወረቀት ጠቅልዬ፣ አምሳያውን አሠርቼ ለመመለስ ነበር። ይህን የምጽፈው መንገዱን ለማያውቁ፣ ምናልባትም ፈጽሞ ለማይሄዱበት አንባቢዎች ስለሆነ ነገሩን ከመነሻው ማስረዳት ይገባኛል።

እናቴ የዳባት ልጅ ናት። ባሕር ዳር ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ብዙ ዓመት ቢሆናትም፣ ብርድ በማያውቀው አገር ጋቢዋን ሳትደርብ ከቤት አትወጣም። ከጆሮዋ የማይወልቁ ሁለት የነሐስ ጉትቻዎች ነበሯት፤ በገብስ ዛላ አምሳል የተሠሩ፣ እያንዳንዱ ፍሬ በጣት የሚዳሰስ፣ ከዕድሜ ብዛት የጠቆሩ። ስትዳር አባቷ ያሠራላት ናቸው። ባለፈው ክረምት አንደኛው ጠፋ። አልጋ አገላበጥን፣ ጓሮ ጠረግን፣ የቆሻሻ ማዳበሪያ ሳይቀር ዘረገፍን፤ አልተገኘም። የእህቴ ልጅ ሠርግ ሲቃረብ እናቴ ከሠርጉ እንደምትቀር በረጋ ድምፅ አስታወቀችን።

"ባንድ ጆሮዬ ልጅ አልመርቅም" አለች።

ሌላ ጉትቻ፣ ወርቅም ቢሆን፣ እንደምንገዛላት ነገርናት። "ጆሮዬ የተበሳው ለነዚያ ነው" ብላ ፊቷን አዞረች።

እኔ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ፤ ሚዛንና ልክ የለመድሁ ሰው። የቀረውን ጉትቻ በማስመሪያ ለካሁት፣ ከየአቅጣጫው ፎቶ አነሣሁት፣ ከመሥሪያ ቤቴም ፈቃድ ወሰድሁ። ዕቅዴ ግልጽ ነበር፤ አሮጌው ሳይነካ ትክክለኛ አምሳያው ይሠራል፣ እናቴም በሁለት ጆሮዋ ሠርጉ ላይ ትቀመጣለች።

ሰኞ

ከባሕር ዳር ጎንደር የነበረው ጉዞ ያለ ችግር አለፈ። ከጎንደር በኋላ የተሳፈርሁበት ሚኒባስ ግን መስኮቱ አልዘጋ አለ። በእኛ ሙቀት እንኳ መስኮት ሲከፈት "ንፋስ ገባ!" ብሎ የሚቆጣ ተሳፋሪ አይጠፋም፤ እዚህ የወገራ ነፋስ እንደ ልቡ ሲገባና ሲወጣ የሚቆጣው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ራሱን ሸፍኖ ተቀመጠ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ስንቀጠቀጥ አይተው የጋቢያቸውን እኩሌታ በትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሲወርዱ ጋቢውን መልሰው ሲወስዱ ግን ይቅርታ ጠየቁኝ።

ዳባት የእናቴ ታናሽ ወንድም አጎቴ ውበቱ ይጠብቀኝ ነበር። የገብስ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልኝ። የገብሱ እንጀራ ከለመድሁት ጤፍ ይልቅ ወፈር ይላል፤ ሁለት ጉርሻ ሳይሞላ ያጠግባል፣ አጎቴ ግን ይህን እንደ ምክንያት አይቀበልም።

"ላንዲት ጉትቻ ነው ከጣና ድረስ የመጣሽ?" አለኝ። "እኔኮ ሁለት ጥርስ ጎድሎኛል። ማን አለኝ የሚዞርልኝ!"

"ለእማዬ ሠርግ ነው፣ አጎቴ።"

"ለእማዬ ሠርግ!" ሳቀ። "እሷማ አንዴ ተድራለች፤ እኔው ነበርሁ በቅሎዋን የያዝሁ።"

ጉትቻዎቹን የሠራው ሰው ከሞተ ብዙ ጊዜ እንደሆነው፣ ልጁ ግን ደባርቅ አካባቢ የአባቱን ሥራ እንደያዘ ነገረኝ። በማግስቱ ልነሣ ስል ባዶ እጅሽን አትሄጂም ብሎ በፌስታል ድንች ሞላልኝ። ቀጥሎ ከጓዳ አንድ ከባድ ነገር ይዞ መጣ፤ አሮጌ የነሐስ ጓጉንቸር ነበር፣ ተቆልፎ የቀረ።

"የአባታችን ጎተራ መዝጊያ ነበር። ቁልፉ ጠፋ፤ ጎተራውም ፈረሰ። ሌባም ባለቤትም የማይከፍተው ሆኖ እዚህ ተቀምጧል። ለእናትሽ ስጫት፣ ትስቃለች።"

የማይከፈት ጓጉንቸር ይዞ መጓዝ ለእኔ ለልከኛዋ የማይመች ነገር ነው። እምቢ ለማለት ግን አፍሬ ከቦርሳዬ ግርጌ አኖርሁት።

ማክሰኞ

ዳባትና ደባርቅ ጎረቤት ናቸው፤ ያም ሆኖ መኪናው እስኪሞላ ረፋዱ አለፈ። ደባርቅ ስደርስ ከተማው በጉም ውስጥ ነበር። ባሕር ዳር ላይ ሰው ጥላ የሚፈልገው ከፀሐይ ሊሸሸግ ነው፤ እዚህ በጉም መካከል ብጣሽ ፀሐይ ከታየች ሰዉ ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ ወደ እርሷ ይዞራል።

ጌጣጌጥ የተሰቀለበት ሱቅ አይቼ ገባሁ። ባለሱቋ ልጅ የእናቴን ጉትቻ አገላብጣ አየችው።

"ነጠላ? ነጠላ አንሸጥም ማዘር። ይኼን ጥንድ ውሰጂና አሮጌውን ጣይው። ኦሪጅናል ነው፣ አይለቅም።"

"ከምንድን ነው የተሠራው?"

"ከቻይና ነዋ!"

አመስግኜ ወጣሁ። ያደርሁበት አልጋ ቤት ባለቤት ወይዘሮ ሙሉነሽ ይባላሉ፤ ትከሻቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ከፍ ያለ ሴት ናቸው። አንድ ብርድ ልብስ አይበቃሽም ብለው የሟች ባላቸውን ጥቁር የሱፍ በርኖስ አመጡልኝ። የመጣሁበትን ጉዳይ ስነግራቸው ጉትቻውን ወደ መብራት አስጠግተው ተመለከቱት።

"አስረስን ነው የምትፈልጊው፤ ቀጥቃጩን። ከሊማሊሞ አፋፍ ዝቅ ብሎ ነው ቤቱ። ሥራው ሥራ ነው፣ እንከን አይወጣለትም።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ብቻ እታለም፣ እዚያ ቤት እህል እንዳትቀምሽ።"

ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። ሰው ብረት የሚቀጠቅጠውንና ሸክላ የምትሠራዋን ዓይናቸው ይጎዳል እያለ ሲፈራቸው ኖሯል፤ ማረሻውን፣ ድስቱንና የአንገቱን መስቀል ከእነርሱ እየወሰደ። በርኖሱን ተከናንቤ ተኛሁ፤ ጉትቻውን ጠረጴዛቸው ላይ መርሳቴ ትዝ ያለኝ ሲነጋ ነው።

ረቡዕ

ወይዘሮ ሙሉነሽ በፈገግታ ጠበቁኝ። መዳፋቸውን ሲከፍቱ ጉትቻው እንደ አዲስ ሳንቲም አበራ። በአመድና በሎሚ ሲፈትጉት አምሽተዋል።

"አፈር መስሎ ነበርኮ! እንዴት ብለሽ ያንን ይዘሽ ባለሙያ ፊት ትቀርቢያለሽ?"

ያ ጥቁረት የእናቴ ዕድሜ ነበር። አምሳያው እንዲመስለው የፈለግሁት ያንን ነበር። እግዜር ይስጥልኝ አልሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ? ሴትዮዋ ሎሚውን ከጎረቤት ለምነው ነው ያመጡት።

አስፋልቱን ይዤ ሄጄ ወደ ቁልቁለቱ በሚገባው የእግር መንገድ ታጠፍሁ። ጥቂት እንደወረድሁ የአንድ እግር ጫማዬ ሶል ተገነጠለ። እንጨት ተሸክማ የምትወጣ አንዲት ሴት ሸክሟን ሳታወርድ ቆማ፣ ከነጠላዋ ጫፍ ክር መዝዛ ሰጠችኝ። በዚያ አስሬ እያነከስሁ ደረስሁ።

አቶ አስረስ መነጽራቸውን በገመድ ያሰሩ፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው የሚቆጠቁጥ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ እናንዬ ከወናፉ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። በግድግዳው ሥር የተሰበረ የውሃ ቧንቧ፣ የበር እጀታ፣ ከማሳ የተለቀመ የጥይት ቀለህ ተከምሯል፤ ከበላዩ በምስማር የተሰቀሉት መስቀሎች፣ ቀለበቶችና አምባሮች ከዚያ ክምር የወጡ ናቸው ቢባል ያላየ አያምንም።

ጉትቻውን ሳሳያቸው ቆሙ።

"የአባቴ እጅ ነው" አሉ። "ገብስ ያወጣ የነበረ እሱ ብቻ ነው።" ወደ ብርሃን አስጠጉት። "ማን አጠባት? እግዜር ይስጠው። ጠቁራ ብትመጣ ምንነቷን አላየውም ነበር። ቀለህ ናት። ቀላ የሚል ነገርም ገብቶባታል።"

ቀለሁን አውቅ ነበር፤ በታላቅ ወንድሟ ሠርግ የተተኮሰውን አባቷ አስለቅሞ ለቀጥቃጩ እንደሰጠ እናቴ ነግራኛለች። የቀላውን አላወቅሁም። ልኩን የጻፍሁበትን ወረቀት ዘርግቼ አንድ አምሳያ እንዲሠሩልኝ ጠየቅሁ።

"ነጠላ አልሠራም።"

"ልኩ ይኸውና፤ ፎቶም አለኝ።"

"ልኩንማ እደርስበታለሁ። ሬሳም ከሕያው ሰው በቁመት እኩል ይሆናል።"

"አንተ ሰውዬ!" አሉ እትዬ እናንዬ።

ቆጣ ቢሉም አስረዱኝ። ሰሙ እንደ ክር ይዳጣል፣ ከመካከል ይከፈላል፣ ሁለቱ ገብሶች ከአንድ የሰም ግንድ ላይ ይተከላሉ። ጭቃ ይለብሳሉ፤ በእሳት ሰሙ ሲወጣ ነሐሱ በአንድ ጉሮሮ ለሁለቱም ይገባል። ከዚያ ጭቃው ይሰበራል፤ ሁለተኛ የሚያገለግል ቅርጽ የለም።

"መንታ ናቸው። ለብቻዋ የተወለደችውን መንታዋ ናት ብዬ ልስጥሽ? አልሰጥም። ይህችን ላቅልጣት፣ ጎዶሎውን በሌላ ነሐስ ልሙላው፤ ሁለቱም ከአንድ እሳት ይወጣሉ።"

"አይቀልጥም" አልሁ።

"እንግዲያው ይዘሻት ሂጂ።"

ተቀመጥሁ። እርሳቸው ሞረዳቸውን አንሥተው ሌላ ሥራ ጀመሩ፤ እኔም ካለሁበት አልተነሣሁም። እትዬ እናንዬ በመካከላችን ጥቂት ቆይተው በሶ በማር በጥብጠው በብርጭቆ አቀረቡልኝ። ሁለቱም ወደ እኔ ላለማየት ሲጠነቀቁ አስተዋልሁ። እስከ አተላው ጠጣሁት።

"ማሩ ለኛ፣ ሰሙ ለሱ ነው" አሉ ብርጭቆውን ሲቀበሉኝ፤ ንቦቹ ከጓሮ ናቸው። ከዚያ "የማን ናት ጉትቻዋ?" ብለው ጠየቁኝ።

"የእናቴ።"

"አሉ እሳቸው?"

"አሉ።"

"ታዲያ እሳቸው ሳይጠየቁ?"

ኔትወርክ የሚገኘው ከቤቱ በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ነው። በታሰረ ጫማዬ ወጣሁ። እናቴ ስልክ ስታነሣ ርቀቱን በድምፅዋ ልታሸንፍ እንደምትፈልግ ትጮኻለች።

"እማዬ፣ ካልቀለጠ አልሠራም አሉ።"

"ማ ካልቀለጠ?"

"ጉትቻው። አሮጌው።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?"

"ይጠፋልኮ! አባትሽ ያሠራልሽ ነው።"

"አባቴ ያሠራልኝ ሁለት ነው። አንዱማ ምን ጌጥ ነው?" ትንፋሿ ተሰማኝ። "የእናቴን የመዳብ አምባር ሰብሮ ነው የጨመረበት። አልቅሻለሁ ያን ጊዜ። እሷ ምን አለችኝ መሰለሽ? 'እጄ ላይ ሲሆን አላየውም፤ ጆሮሽ ላይ ሲሆን ሳየው እኖራለሁ።' የሺ፣ ትሰሚኛለሽ?"

"እሰማለሁ።"

"ሠርግ የምሄደው በጆሮዬ ነው። ባንቺ ሣጥን አይደለም።"

ስልኩ ተቋረጠ። ደግሜ አልደወልሁም። ከባሕር ዳር ስነሣ ከሠርጉ በኋላ ለአሮጌው ጉትቻ በሐሳቤ ያዘጋጀሁለት ቦታ በእርግጥ ሣጥን ነበር፤ ለእናቴ ግን አልነገርኋትም።

ተመልሼ ወርጄ "ይቅለጥ" አልሁ። "የሚጨመረው ግን ከዚያ ክምር አይሆንም።" ከዳባት ጀምሮ ሲከብደኝ የቆየውን ጓጉንቸር ከቦርሳዬ አውጥቼ ፊታቸው አኖርሁት። አቶ አስረስ በመዶሻ ቀስ አድርገው መቱት፤ ድምፁን አዳመጡ።

"አካሉ ነሐስ ነው፣ ልቡ ብረት ነው። ልቡን አወጣለታለሁ። የማን ነው?"

"የሴት አያቴና የወንድ አያቴ ጎተራ የሚዘጋበት ነበር።"

"ይሄ ገብስ ሲጠብቅ የኖረ ነዋ!" ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ሰሙን የሠሩት እትዬ እናንዬ ናቸው። በትንፋሻቸው እያሞቁ በመዳፋቸው ድጠው ክር አደረጉት፤ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ በጥፍራቸው ጫኑ። አሮጌው ጉትቻ በጉልበታቸው ላይ ነበር፤ አልፎ አልፎ በጣታቸው ይዳስሱታል እንጂ አያዩትም። አቶ አስረስ ጭቃ ከፈረስ ፋንድያ ጋር ለውሰው ሲያለብሱት መሸ።

ሐሙስ

ጭቃው በጥላ መድረቅ ስላለበት ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈታሁ። ጉሙ አልተነሣም። ጫማዬን የደባርቅ ጫማ ሰፊ በሱፍ ክር ሰፋልኝ፤ አሁንም እየሄድሁበት ነው።

ወይዘሮ ሙሉነሽ ከምሳ በኋላ ጠየቁኝ። "አልቀመስሽም መቼም?"

"በሶ ጠጥቻለሁ። ከነማሩ።"

ከዚያ በኋላ በየምክንያቱ ወደ ክፍሌ ብቅ ማለት አበዙ፤ አንዴ ውሃ ይዘው፣ አንዴ "ራስሽን አያምሽም?"፣ አንዴ ምንም ሳይዙ። እራት አብረውኝ በሉ። ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ምግቡ ያልተወራረደላቸው መሰለኝ።

ዓርብ

ስወጣ ወይዘሮ ሙሉነሽ ክርናቸውን በሩ ላይ አስደግፈው "ጆሮው የተሰበረ የነሐስ መስቀል አለኝ፤ ይጠግነው እንደሆን ጠይቂልኝ" አሉኝ። ጥቂት እንደሄድሁ "እህል ግን እንዳትቀምሽ!" የሚል ድምፃቸው ከኋላዬ ደረሰ። የአጎቴን ድንች ለእትዬ እናንዬ ይዤላቸው ነበር የምሄደው።

ከሰሉ ተቀጣጥሏል። ወናፉን እንድይዝ ጠየቅሁ።

"አንቺ? እጅሽ ወረቀት ነው" አሉ አቶ አስረስ።

"ትያዝ፤ የናቷ ነው" አሉ እትዬ እናንዬ፤ ቦታቸውን ለቀቁልኝ።

ወናፉ ሁለት የፍየል ቆዳ ነው፤ አንዱ ሲነፋ ሌላው አየር ይስባል። ለማየት ቀላል ነው። ሁለቱን እኩል እየጫንሁ እሳቱን አስነጠስሁት፣ አመዱን በሰውየው ጢም ላይ በተንሁት፤ ተሰደብሁ። ከዚያ እጄ መላውን አገኘ። ክንዴ ሲዝል ልተካሽ አሉኝ፤ እምቢ አልሁ። የጓጉንቸሩ ቁራጮች በማቅለጫው ሸክላ ውስጥ ቀልተው፣ ነጥተው፣ ፈሰሱ።

አቶ አስረስ ጉትቻውን በጉጠት ሳይሆን በእጃቸው አቀበሉኝ።

"የቀድሞውን ባለቤቱ ነው የሚጨምረው። እኔ አልነካም።"

በወይዘሮ ሙሉነሽ ሎሚ እንደጠራ በመዳፌ ያዝሁት። አንድ ጊዜ ብቻ አየሁትና ጣልሁት። ወዲያው አልቀለጠም። ገብሱ ከፈሳሹ በላይ ለአፍታ ቆሞ ነበር፤ ከዚያ ፍሬዎቹ ከታች ጀምረው አንገታቸውን ደፉ። ወናፉን አላቆምሁም።

ነሐሱ በጉሮሮው ፈስሶ፣ በርዶ፣ ጭቃው ሲሰበር ሁለቱ ገብሶች ከአንድ ግንድ ላይ አብረው ወጡ። አቶ አስረስ አጥበው፣ ሞርደው፣ መነጽራቸውን ገፍተው መረመሯቸው፤ ፊታቸው ጠቆረ። በአንደኛው ላይ አንድ ፍሬ አልሞላም ነበር።

"አየር ገብቶበታል። ድጋሚ አቀልጠዋለሁ። ሁለት ቀን።"

ሠርጉ እሑድ ነው። ጉድለት ያለበት ነገር ከመደርደሪያዬ ወጥቶ ለሰው ተሰጥቶ አያውቅም። የጎደለውን ፍሬ በጥፍሬ ዳስሼ "ይበቃል" አልሁ።

ጎዶሎ ሥራ አስወጣሽኝ ብለው አጉረመረሙ። ግንዱን ግን አልቆረጡትም። "ባለቤቷ ሳታያቸው መንታ አይለያይም" ብለው እንደተያያዙ በጨርቅ ጠቀለሉልኝ። የወይዘሮ ሙሉነሽን መስቀል አንሥቼ ነገርኋቸው። "ራሷ ይዛው ትምጣ" አሉ፤ እትዬ እናንዬም "በሶም አለን በያት" ብለው ጨመሩ። መልእክቱን ሳላጎድል አድርሻለሁ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ጥቂት አሰቡና "የማሩን ነገር ግን ጥሩ ነው ይላሉ" አሉኝ።

ቅዳሜ

ከጎንደር በኋላ መኪናው ውስጥ ጥቅሉን ፈትቼ ስመለከት አጠገቤ የነበረ ሰው "ወርቅ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ጓጉንቸር ነው" አልሁት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ቤት የደረስሁት ሙቀቱ ሳይበርድ ነው። እናቴ ጋቢዋን ለብሳ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች። ጨርቁን ጉልበቷ ላይ ፈታሁት። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ በጣቷ ነው ያየቻቸው። ግንዱን ዳሰሰች፤ የጓጉንቸሩን ነገር ስነግራት አጎቴ እንዳለው ሳቀች። በፒንሳ ቆርጬ ለያየኋቸው፤ ጫፉን አለስልሼ ሁለቱን በመዳፏ ላይ አኖርሁላት።

በአውራ ጣቷ ፍሬዎቹን ተራ በተራ ቆጠረች። የጎደለው ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ተመልሳ ዳሰሰችው።

"ይችትና!" አለች። "የኔዋ የድሮዋ ይች ናት። ፍሬዋ ያለቀው እኔ ጆሮ ላይ ነው።"

ሁለቱም ከአንድ ማቅለጫ፣ በአንድ ጉሮሮ፣ በአንድ ጊዜ እንደፈሰሱ አውቃለሁ። ወናፉን የያዝሁት እኔ ነኝ።

"የቀኝ ጆሮዬ ነበረች" አለችና ጆሮዋን ወደ እኔ ዘንበል አደረገች። በቀኟ አደረግሁላት። ሌላኛውን በግራዋ። ከዚያ ጋቢዋን አስተካክላ፣ ለነገው ሠርግ የምትለብሰው ቀሚስ መተኮሱን ጠየቀችኝ።